ለዘሃራ ያልፈረምኩት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሊዲያ ገርጂ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ይዛኝ ሄደች። ሊዲያ በባዮሎጂ ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት አንድ ድርጅት ውስጥ ሠርታ፣ በቃ ማስተማር ነው የምፈልገው ብላ ተነሥታለች። የሳይንስ አስተማሪ ለመሆን ደግሞ ኮሌጅ የወሰደቻቸውን የሳይንስ ኮርሶች አንድ በአንድ ቅጽ ላይ ሞልታ፣ ከነክሬዲታቸው፣ ከነላብራቶሪያቸው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ምን እንደተማረች ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር ማቅረብ አለባት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ስለሆንኩ ትረዳኛለች ብላ ነው ቤቴ አያት ድረስ መጥታ የወሰደችኝ። «እማማ፣ ሲሪየስሊ፣ ፍሬሽማን እያለሁ ጄኔራል ኬሚስትሪ ላይ ምን እንደተማርኩ አሁን ማን ያስታውሳል? ትራንስክሪፕቱ አይበቃም እንዴ?» እያለች ትነጫነጫለች። ማሽኑ ወረቀቱን በላይ በላዩ ይተፋል። ያ የትኩስ ወረቀትና የቀለም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። «ይህን ሁሉ በቃሏ የምታውቅ ጓደኛ ነበረችኝ» አልኳት። «ማን ናት?» አለችኝ ዐይኗን ከስልኳ ሳታነሣ። «ዘሃራ» አልኩ። በዚያው ተራዋ ደረሰና ተነሣች። እኔ ግን ፕላስቲኩ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ በሐሳቤ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ሄድኩ፤ የዛሬው ሃያ ሁለት ሳይሆን የድሮው።

ያኔ ከሃያ ሁለት ወደ ገርጂ የሚመጣ ሰው ሥራ የፈታ ወይም ዘመድ የሞተበት ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሁሉ የጤፍ ማሳና ባሕር ዛፍ ነው፤ አያት የሚባል ሰፈር ስሙንም አንሰማም። ከተማው ለእኛ መገናኛ ላይ ያልቅ ነበር። ውይይት ታክሲ ላይ ፊት ለፊት ተፋጥጠን፣ ጉልበታችን ከማናውቀው ሰው ጉልበት ጋር እየተጋጨ፣ በስሙኒ እንሄዳለን። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ መንገድ ይጠርጋል፤ እኛ ደግሞ አጭር ቀሚስ ለብሰን ከቤት ስንወጣ ረጅም ጋቢ ደርበን እናቶቻችንን እናታልላለን። ማዞሪያው ጋ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን በረንዳው ላይ ሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ የፍቅር ዘፈን ያስጮኻል። ከካሴት ቤቱ አጠገብ አንድ ቆዳ ኮፍያ የማይለየው ልብስ ሰፊ ነበር። የላብራቶሪ ጋዎን ገዝተን እንድንመጣ ኮሌጁ ሲያዝዘን፣ የተሰፋው ውድ ስለሆነብኝ አቡጀዴ ገዝቼ ለእሱ ሰጠሁት። ለስፌቱ ሁለት ብር ከሃምሳ ተስማማን። በቀጠሮው ቀን ስሄድ አንዲት ቀጭን ጠይም ልጅ ሻሿን አገጯ ሥር ቋጥራ እንደ እኔው የአቡጀዴ ጋዎኗን ትጠብቃለች። ሰውዬው የሁለታችንንም ቁልፍ አልተከለም ነበር። እሱ ቁልፍ ሲተክል እኛ እየተቁነጠነጥን አረፈድን። ላብራቶሪ ስንደርስ ሕንዳዊው አስተማሪያችን ሁሉንም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ጨርሶ ነበርና ሁለት አርፋጆችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠን። እንዲህ ነው ከዘሃራ ጋር የተገናኘነው።

ዘሃራ አባቷ ከስልጤ አገር መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው ከማዞሪያው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። ሰባት ልጆች ውስጥ ኮሌጅ የገባችው እሷ ብቻ ናት። የላብራቶሪ ደብተሯን ያየ ሰው አይረሳውም። የእኔ ደብተር አሲድ የበላው፣ ቀለም የፈሰሰበት ነው፤ የእሷ ግን ጠብታ የምንለካበት ቢዩሬት በእርሳስ ተሥሎ፣ ፈሳሹ በባለቀለም እርሳስ ተቀብቶ፣ ከሥሩ በዚያ ክብ ክብ ጽሕፈቷ «ይህ ቀለም ሲለወጥ ማቆም ነው፤ አንድ ጠብታ ካለፈ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ሦስት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠራን። ረመዳን ሲሆን የላብራቶሪው ሽታ ራሷን ያዞራታልና እኔ እሠራለሁ፣ እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጽፋለች። እኔ በጾም ቀን ስደክም ደግሞ እሷ ትሠራለች።

በመጨረሻው ዓመት፣ በመጨረሻው ሴሚስተር፣ አባቷ በጠና ታመሙና አገሬ ውሰዱኝ አሉ። ዘሃራ ይዛቸው ወረደች። የቀረው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና ብቻ ነበር። እኔ ተፈተንኩ፤ ከጎኔ ወንበሯ ባዶውን ነበር። ዘመኑ ደግሞ ሰው ሲሄድ የት ሄደ ተብሎ የማይጠየቅበት ዘመን ነበርና አስተማሪውም ምንም አላለም። እሷ ሳትመለስ እኔ ተመድቤ ወደ ክፍለ ሀገር ሄድኩ። ሁለት ሦስት ደብዳቤ ተጻጻፍን። አባቷ ማረፋቸውን ጻፈችልኝ። ከዚያ እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ተለያየሁ፤ ደብዳቤውም ቀረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሁለት ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ዘሃራ መስኮቱ ጋ ቆማ ደብተር ታርማለች። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ አርፋጅ!» አለች። ተቃቅፈን ስናለቅስ ሌሎቹ አስተማሪዎች ዘመድ የሞተብን መስሏቸው ነበር። እሷ እዚያ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ሳይንስ ስታስተምር ብዙ ዓመቷ ነበር።

አስተማሪነቷን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ትምህርት ቤቱ ኬሚካል የለውም፤ ያለውም ጊዜው ያለፈበት ነው። ዘሃራ ቀይ የጽጌረዳ አበባ ከግቢው ለቅማ በቡና ማፍያ ሽቦ ምድጃ ላይ ትቀቅላለች። ውኃውን በብርጭቆ በብርጭቆ ትቀዳና በአንዱ ሎሚ፣ በሌላው የአመድ ውኃ ታንጠባጥባለች። አንዱ ቀይ ሲፈካ፣ ሌላው ሲያረንጓድድ ልጆቹ እንደ ኳስ ሜዳ ይጮኻሉ። የእኔ ተማሪዎች ጩኸቱን ሲሰሙ አንገታቸው ወደ ግድግዳው ይዞራል። እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ግድግዳውን ያያሉ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያመኛል፤ ምክንያቱም ያኔም ያመኝ ነበር። ቅናት ነው። በዚያ ዕድሜዬ ግን ቅናት መሆኑን አላመንኩም፤ ለራሴ «ክፍሏን መቆጣጠር አትችልም» እል ነበር።

ከዚያ መመሪያው መጣ። ሳይንስ የሚያስተምር ሁሉ ኮሌጅ የወሰደውን የሳይንስ ኮርስ በማስረጃ ዘርዝሮ ካላቀረበ በአስተማሪነት አይቀጥልም ተባለ። ቅጹ ልክ እንደ ሊዲያ ቅጽ ነበር፤ የኮርሱ ስም፣ ክሬዲቱ፣ የላብራቶሪ ሰዓቱ፣ ውጤቱ፣ ከዚያ «በኮርሱ የተሸፈኑ ይዘቶች» የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ። የእኔ ትራንስክሪፕት ላይ ያለው አጭር ስምና ቁጥር ብቻ ነው። ምን እንደተማርኩ ጠፍቶኛል። ዘሃራ ግን «ቅዳሜ ነይ፣ አብረን እንሞላዋለን» አለችኝ።

አራት ቅዳሜ ጠዋት ማዞሪያው ጋ ያለ ካፌ ተቀመጥን። ማኪያቶ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር፤ አንድ አንድ አዝዘን እስከ ምሳ ድረስ ወንበር እንይዛለን። አስተናጋጇ እየመጣች ጠረጴዛችንን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ተነሡ ማለቷ ነው። እኛ ወረቀቱን እናነሣላትና መልሰን እንዘረጋዋለን። ዘሃራ ዐይኗን ጨፍና ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ጻፊ፤ አናሊቲካል ኬሚስትሪ። መጀመሪያ ሚዛን አጠቃቀም። ቀጥሎ ክሎራይድን በብር ናይትሬት። ያን ቀን እኮ እጅሽ ጠቁሮ ሳምንት ሙሉ አልለቅ ብሎሽ ነበር፤ ረሳሽው?» ረስቼው ነበር። እሷ የእኔን እጅ እንኳ ታስታውሳለች። የእኔ ቅጽ ከዳር እስከ ዳር የተሞላው በእሷ አፍ ነው። ይህን ያኔም አውቀው ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ የራሷን ትራንስክሪፕት አወጣች። ሁሉም ኮርስ ውጤት አለው፤ ሁለተኛው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጎን ግን ሰረዝ ብቻ ተሰምሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እሱ ነው ዕዳዬ። አባቴን ቀብሬ ስመለስ ሕንዳዊው አስተማሪያችን አዘነልኝና ጳጉሜን ላይ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ፈተነኝ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ቢ ፕላስ ሰጥቼሻለሁ፣ ለሬጅስትራር አስገባዋለሁ አለኝ። ከዚያ አገሩ ገባ። እኔ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ መሰለሽ፤ ነገ ነይ፣ ነገ ነይ። በኋላ አገባሁ፣ እዚህም ያለ ዲፕሎማ ቀጠሩኝ፣ ተውኩት።»

«ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?»

«አብሮ የተማረና አስተማሪ የሆነ ሰው ኮርሱን ማጠናቀቄን በጽሑፍ ከመሰከረ ይቀበላሉ። ጠይቄያለሁ» አለችና ማኪያቶዋን አማሰለች። «አንቺ አለሽ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለቴን አልክድም።

በሚቀጥለው ሳምንት ግን ዳይሬክተራችን አቶ ፈቃዱ ቢሮው ጠራኝ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ክፋት አስቦ የተናገረው አይመስለኝም። «የሳይንስ ክፍል ኃላፊ ልንሾም ነው፤ ያለነው በአንቺና በዘሃራ መካከል ነው» አለኝ። «የእሷ ማስረጃ ከተሟላ በአገልግሎት ትበልጥሻለች። ካልተሟላ ያው አንቺ ነሽ።» ቀጥሎም «የምስክርነቱን ነገር ደግሞ አስቢበት፤ በሐሰት የፈረመ የራሱን ፈቃድ ያጣል» አለ። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ሁለት ልጆች ብቻዬን አሳድጋለሁ። ፈርቻለሁ። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የኃላፊው ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ማዶ የሚሰማው የልጆቹ ጩኸት፣ ይህ ሁሉ ከፍርሃቱ ጋር ተቀላቅሎ ልቤ ውስጥ ነበር።

ማስረጃዎቹን የሚመረምረው ኮሚቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ዘሃራ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃለች።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ይህን ኮርስ አብራችሁ ወስዳችኋል?»

«አዎ። ላብራቶሪውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሠራነው።»

«የመጨረሻውን ፈተናስ መፈተኗን ያውቃሉ?»

እንደነገረችኝ መናገር እችል ነበር። ሦስት ዓመት ከጎኔ ቆማ አንድ ጊዜ እንኳ ውሸት ስትጽፍ አላየሁም፤ ሙከራ ሲበላሽብን «ተበላሽቷል» ብላ ነበር የምትጽፈው፤ ይህን ማለት እችል ነበር። «በፈተናው ቀን አልነበረችም» አልኩ።

«ታዲያ ማጠናቀቋን እዚህ ላይ ይፈርማሉ?»

«ያላየሁትን አልፈርምም።»

ሰብሳቢው አንገታቸውን ነቀነቁና «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን» አሉ። እስከ በሩ ድረስ፣ አምስት እርምጃ ያህል፣ ኩራት ተሰማኝ። በሩን ስከፍት ዘሃራ ብድግ አለች።

«ምን አልሻቸው?»

«ያየሁትን።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እኔንስ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔን አላየሽኝም?»

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንድትሠራ ጠየቋት። አይሆንም አለች። ዓርብ ዕለት ዕቃዋን ሰብስባ ክፍሏን ለእኔ አስረከበችኝ፤ የተሾምኩት እኔ ነበርኩና። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እሷ ግን የስም መጥሪያውን ከፍታ «ሰባተኛ ቢ ምዕራፍ አራት ላይ ናቸው» አለች። «ሰላማዊት የምትባለዋ ሰሌዳው አይታያትም፤ አትናገርም እንጂ አይታያትም። ከፊት አስቀምጫት። ስምንተኛ ኤዎችን ጠዋት ላይ አትቆጫቸው፣ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ አሉ።» ቦርሳዋን አነሣችና ወጣች። ቾክ የነካው እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች በግቢው ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ልጆቹ እረፍት ላይ ስለነበሩ ወደ ቤቷ ቀድማ የምትሄድ መስሏቸው «ቻው ቲቸር!» አሏት። «ቻው» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ማዞሪያው አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርምና ሹራብ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተች። እኔ መንገዴን ቀየርኩ። በሱቋ በኩል ላለማለፍ ስንት ዓመት ዙሪያ ጥምጥም እንደሄድኩ እግሬ ያውቃል። ከተማውም እንደ እኔ መንገዱን ቀየረ። ካሴት ቤቱ መጀመሪያ ሲዲ፣ ከዚያ ሞባይል መሸጫ ሆነ፤ ልብስ ሰፊው የነበረበት ቦታ ላይ መስታወት የለበሰ ሆቴል ቆመ። የጤፉ ማሳ ኮንዶሚኒየም ሆነ፤ ከላይ የባቡር ሐዲድ እስከ አያት ተዘረጋ። የማኪያቶውን ዋጋ ባልናገር ይሻላል። እኔም እዚያው አያት አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰኝና ገባሁ። የክፍል ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ጽጌረዳውን አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር፤ ልጆቹ ዝም ብለው አዩኝ።

ጡረታ ልወጣ ስል የትምህርት ማስረጃ ጎድሎኝ ወደ ኮሌጃችን ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ወጣት ሠራተኛ የድሮዎቹን መዛግብት ወደ ኮምፒውተር እያስገባች ነበር። የእኛን ዓመት ትልቁን መዝገብ አውጥታ «ስምዎን ይፈልጉ፣ እናቴ» ብላ አስቀመጠችልኝ። ስሜን አገኘሁ። ልዘጋው ስል መጨረሻው ላይ በክር የተሰፉ ሁለት ቅጠሎች አየሁ፤ ዘግይተው የገቡ ውጤቶች ናቸው። አምስት ስም ነበር። ሦስተኛው ዘሃራ። ሁለተኛው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ቢ ፕላስ። ቀኑ ጳጉሜን። ከሥሩ የሕንዳዊው አስተማሪ ፊርማ። ወደ ዋናው መዝገብ ያሻገረው ሰው አልነበረም፤ ያን ያህል ዘመን እዚያው ተሰፍቶ ተቀምጧል።

«እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ። ኮፒ አድርጊልኝ አልኳት። ከማሽኑ ሲወጣ ትኩስ ነበር። በእጄ እንደያዝኩት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሃያ ሁለት ወረድኩ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሱቋ በኩል።

ዘሃራ ወፍራ፣ መነጽር አድርጋ ሹራብ ታጣጥፋለች። ስታየኝ አልደነገጠችም። ወረቀቱን ሰጠኋት። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አዎ፣ የእሱ ፊርማ ነው» አለች።

«ዘሃራ፣ ይቅር በይኝ።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ አስቱ።» ቁጣ የለበትም። ለልጅ የምታስረዳ ነው የሚመስለው። ቀጥላ «እኔ እንኳ በኋላ በኋላ፣ እውነት ተፈትኜ ነበር ወይስ አልሜው ነው እል ጀምሬ ነበር» አለችኝ።

እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ሻይ አዘዘችልኝ። ስለ ጉልበታችን ሕመም፣ ስለ ስኳር ውድነት አወራን። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ያህል ሄጄ ጠየቅኋት፤ ሁልጊዜ ሻይ አዘዘችልኝ፤ አንድም ቀን ስለ ማስተማር አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁም። በአራተኛው ስሄድ ሱቁ ዝግ ነበር፤ ታማለች አሉኝ። ቤቷን ሳልጠይቅ ዛሬ ነገ ስል አረፈች።

ለቅሶው ገርጂ፣ ልጇ ቤት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ስለ ደግ ነጋዴነቷ፣ ለድሃ ተማሪ ዩኒፎርም በነጻ ስለመስጠቷ ያወራል። ልጇ ሃናን ውኃ ልትሰጠኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዐይኗ ያበጠ፣ እናቷ በወጣትነቷ እንደነበረችው ቀጭን ናት።

«እትዬ፣ እናቴን የት ነው የሚያውቋት?»

«ኮሌጅ አብረን ተማርን። በኋላም አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተማርን።»

«አስተማርን?» አለች። «እናቴ አስተምራ ታውቃለች እንዴ?»

ደነገጥኩ። ዘሃራ ማስተማር ስታቆም ይህች ልጅ ገና ሕፃን ነበረች። አልነገረቻትም። ሌላም የነገራት ሰው የለም። እኔም ነገርኳት፤ ሁሉንም። ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ክፍሏ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ሰረዙ፣ አልፈርምም ስላልኩት እኔ፣ በኋላም መዝገቡ ውስጥ ስላገኘሁት። ሃናን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ለምን አሁን ይነግሩኛል?» አለችኝ ስጨርስ።

የሰጠችኝን ውኃ ሳልጠጣው መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ጎበዝ ነበረች?» አለች ሃናን።

«ከሁላችንም።»

ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና ተንሰቀሰቀች። ሴቶቹ መጥተው ደግፈው ወሰዷት። እኔም ከዚያ በላይ መቀመጥ ስላፈርኩ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ሃናን ናት። አጠገቤ ቆማ ታክሲ ጠበቀች። ሚኒባሱ ሲመጣ ክንዴን ይዛ አሳፈረችኝና በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ ዓርብ ይምጡ» አለችኝ። «ስለ ክፍሏ ይነግሩኛል። ስለ ሌላው ግን አይንገሩኝ።»

ዓርብ ሄድኩ። ከዚያም ወዲህ በወር አንዴም ሁለቴም እሄዳለሁ። የማውቀው ካለቀ ቆየ፤ እሷ ግን «እሺ፣ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ» ትላለች። እደግምላታለሁ።